ለገበሬ ያለ ወለድ ገንዘብ የመስጠት መንገድ፦ ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ላይ ጤፍና ሽምብራ እነግዳለሁ። እህሉ በብዛት የሚመጣልኝ ከደምቢያ ነው፤ ከቆላድባ ዙሪያና ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ካሉት ቀበሌዎች። ገበሬዎቹ «ሐጂ» ይሉኛል። ሐጅ አላደረግሁም፤ ግን ሰው ያከበረበትን ስም መመለስ ነውር ነው ብዬ ዝም እላለሁ። ይህን የምጽፈው ክረምት ላይ ለገበሬ ገንዘብ ሰጥቶ ከሪባ፣ ማለትም ከወለድ፣ መራቅ ለሚፈልግ ነጋዴ ነው። ገንዘቡን የሚቀበለው ገበሬም ያንብበው፤ ማንበብ ካልቻለ ልጁ ያንብብለት።

ገበሬው ሙስሊም እንዲሆን ግድ የለም። የእኔ ደንበኞች አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ሸሪዓው የሚጠይቀው ውሉ እንዲስተካከል ነው፤ የተዋዋዩን ሃይማኖት አይጠይቅም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ነገሩ የሚለየው በቅደም ተከተሉ ነው። ማን ምን ገዛ? መቼ በእጁ ገባ? ዋጋው መቼ ተቆረጠ? ንብረቱ መንገድ ላይ ቢጠፋ ኪሳራው የማን ነው? ለእነዚህ መልስ ካለህ ወረቀቱን የፈለግኸውን ስም ስጠው። ወረቀቱ ላይ «ሰለም» (እህልን አስቀድሞ ከፍሎ መግዛት) ብሎ ጽፎ ወለድ የሚበላ ነጋዴ እዚሁ ገበያ ውስጥ አለ፤ የዐረብኛ ስም ስለሰጠው ሐላል የሆነ መስሎታል።

መጀመሪያ የማይሆነውን

በሐምሌ አንድ ኩንታል ስንዴ ለዘር ወስዶ በጥር አንድ ኩንታል ተኩል መመለስ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ይህ ሪባ ነው፣ ክርክርም የለበትም። በሐዲስ በስም የተጠቀሱት ስድስት ናቸው፤ ወርቅ፣ ብር፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ተምርና ጨው። ጤፍ እዚያ ውስጥ የለም። አንዳንዱ ነጋዴ ይቺን ይዞ «በጤፍ ይቻላል» ሲል ሰምቻለሁ። አይቻልም፤ ጤፍም የሚሰፈርና የሚበላ ስለሆነ ሊቃውንቱ በቅያስ፣ ማለትም በማመሳሰል፣ ከስንዴው ጋር ያኖሩታል። አንድ ኩንታል ካበደርክ የምትቀበለው አንድ ኩንታል ነው፤ በጥር ዋጋው ቢወድቅም ያው አንድ ኩንታል ነው።

ይህን መሸከም የማይችል ነጋዴ ዘሩን አያበድር፣ ይሽጥ። ዛሬ አንድ ኩንታል የስንዴ ዘር በዱቤ፣ ጥር ላይ የሚከፈል ይህን ያህል ብር ብሎ ዋጋውን አንድ ጊዜ መቁረጥ ይቻላል። የዱቤው ዋጋ ከእጅ በእጁ ከፍ ቢልም አብዛኞቹ ዑለማዎች ይፈቅዳሉ፤ ከተቆረጠ በኋላ ግን አንዲት ሳንቲም አይጨመርም። ጥር ሲደርስም ተቀበል የተባልከውን ብር ተቀበል። «ብሩን ተወውና ስንዴ ስጠኝ» ካልክ ዞረህ መጀመሪያ የሸሸኸው ቦታ ትገባለህ።

ሌላው ወለድ አገድ ነው። ገበሬው 30,000 ብር ይወስዳል፤ ገንዘብ ሰጪው ብሩ እስኪመለስለት ድረስ መሬቱን እያረሰ ይበላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ በስሙ ተደንግጎ ያለ ነገር ስለሆነ ብዙ ሰው ችግር አያየበትም። በሸሪዓ ግን አበዳሪ በብድሩ ምክንያት ከመያዣው የሚበላው ጥቅም ወለድ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ የብሩን እጥፍ እህል አንሥቶ፣ ብሩንም እንዳለ የተቀበለ ሰው አውቃለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኪራይ ይሁን። ለሁለት መኸር ብሎ ጊዜውን መቁረጥ፣ ኪራዩን በቅድሚያ መክፈል፣ ጊዜው ሲያልቅ መሬቱ ምንም ብር ሳይመለስ ለባለይዞታው ይመለሳል። በጽሑፍ አድርጋችሁ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡት። ገበሬው በእጁ የሚገባው ገንዘብ ከወለድ አገዱ ሊያንስ ይችላል፤ ግን መሬቱን ለማስመለስ ዕድሜ ልኩን ብር ሲያጠራቅም አይኖርም።

ሰለም

የእኔ ዋና ሥራ ይህ ነው። ሰለም ማለት ዋጋውን ዛሬ ሙሉ በሙሉ ከፍለህ እህሉን በታወቀ ቀን መረከብ ነው። ነቢዩ ﷺ መዲና ሲገቡ ሰዎች ተምርን አስቀድመው ሲገዙ አገኟቸው፤ አልከለከሏቸውም፣ ስፍሩ፣ ሚዛኑና ጊዜው የታወቀ ይሁን አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ገንዘቡ ሙሉ ይከፈል። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ኅዳር ላይ ካልክ ሁለት ዕዳ ተሸጠ እንጂ ሰለም አልሆነም። ማሊኪ የሚባለው የሸሪዓ ሕግ መንገድ ሊቃውንት እስከ ሦስት ቀን መዘግየትን ይታገሳሉ፤ ሌሎቹ ከመቀመጫችሁ ሳትነሡ ይላሉ። እኔ ብሩን ሳልይዝ ውል አልቀመጥም። የሞባይል ዝውውርም ከሆነ መልእክቱ ገበሬው ስልክ ላይ ከገባ በኋላ ነው የምንፈርመው።

እህሉ በዓይነቱ ይነገር። «ጤፍ» ብቻ አይበቃም፤ ማኛ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሠርገኛ ነው ወይስ ቀይ? ሽምብራም ትልቁ ነጩ ነው ወይስ ትንሹ ቀዩ? አፈርና ገለባው የተበጠረ፣ የደረቀ፣ ያልነቀዘ ብላችሁ ጻፉ። ኩንታሉ ጆንያውን ሳይጨምር 100 ኪሎ መሆኑን ጻፉ። የጆንያ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ በየዓመቱ ጠብ የሚነሣው ግን በእሱ ነው።

ማሳ አትጥሩ። «ከቤቴ ኋላ ካለው ጥማድ የሚወጣውን» የሚል ውል አይሆንም፤ ያ ማሳ ምንም ላይሰጥ ይችላልና። የደምቢያ ነጭ ሽምብራ ማለት ግን ይቻላል፤ አገሩ ሰፊ ነው፣ እህሉም ከገበያው አይጠፋም። ይህ ለገበሬው ምን ማለት እንደሆነ ፊት ለፊት ንገሩት። የሸጠው በደፈናው ያን ዓይነት እህል ነው፤ ዕዳ ሆኖ ይጠብቀዋል። የእሱ ማሳ ቢበላሽ ከገበያ ገዝቶም ማስረከብ ይችላል። ስለዚህ እኔ አንድ ገበሬ በደህና ዘመን ከሚያገኘው ከሲሶው በላይ አልገዛም። ሼኽ አላዘዘኝም፣ የራሴ ደንብ ነው፤ ያመረተውን ሁሉ አስቀድሞ የሸጠ ሰው ጥር ላይ ለልጆቹ የሚያስቀረው ስለሚያጣ ወይ ይደበቅሃል ወይ ለሌላ ነጋዴ ይሸጣል።

ቀኑ በቁጥር ይጻፍ። «እህሉ ሲወቃ» የሚለውን ብዙ ሊቃውንት አይቀበሉትም፤ ለጠብም ይመቻል። እኛ ለጤፍ ጥር 15 እንላለን። አንድ ጊዜ አንድ ጀማሪ ነጋዴ «የጥምቀት ማግስት» ብሎ ሲያጽፍ ሰማሁና ሳቅሁ፤ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፣ ጎንደር ላይ ሕዝቡ ሁሉ ታቦት እየሸኘ ማን እህል ይጭንልሃል? ለሽምብራ፣ የሚዘራው መስከረም ላይ ዝናቡ ሲወጣ በዋልካው በቀረው እርጥበት ስለሆነ፣ ከየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት በኋላ ያለ ቀን እንይዛለን።

ቦታውም ይጻፍ። ቆላድባ ገበያ ላይ ነው የምትረከቡት ወይስ ጎንደር መጋዘን? የአይሱዙውና የወዛደሩ ሂሳብ የማን ነው? በዚህ ጥቂት ዓመት መንገድ ሲዘጋ ስላየን ሌላም መስመር ጨምረናል፤ መኪና በማይገባበት ጊዜ ገበሬው እህሉን እዚያው ቀበሌው መዝኖ በምስክር ፊት ለይቶ ያስቀምጣል፣ መንገዱ ሲከፈት እኔ እወስዳለሁ። ተለይቶ ከተረከብኩት በኋላ ቢነቅዝ ኪሳራው የእኔ ነው፤ ይህንንም ጻፉት።

አሁን ስለ ዋጋው። ውሉ ሁሉ ተስተካክሎ ዋጋው ግን ዘረፋ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ሰው ይህን አያወራም። ነሐሴ ላይ ጎተራው ባዶ ነው፣ ልጅ ታሟል፣ የማዳበሪያ ወረፋ ደርሷል። በዚያ ሰዓት ለአንድ ኩንታል የጥርን ዋጋ ግማሽ ብትሰጠው ይፈርማል። ሰጪው ብሩን ሙሉ ከፍሏል፣ ዓይነቱ ታውቋል፣ ቀኑ ተቆርጧል፤ መልኩ ሁሉ ሰለም ነው። ግን ከአራጣ አበዳሪው በምን ተሻለ? አራጣ በወንጀል ሕጋችንም ያስቀጣል፤ ይህኛው ግን ፀሐይ ላይ ቆሞ ይሠራል። እኔ የማደርገው ያለፈውን ዓመት የጥርና የየካቲት የገበያ ዋጋ ከደብተሬ አውጥቼ ለገበሬው አሳየዋለሁ። ከዚያ ላይ ለገንዘቤ መቀመጥና ለሥጋቴ የምቀንሰውን ቀንሼ ዋጋ እንቆርጣለን። እሱም ይከራከረኛል፤ «ሐጂ፣ አምና እኮ በርበሬም ሽምብራም ወደ ላይ ነው የሄደው» ይለኛል። ይከራከር፤ የማይከራከር ገበሬ በጣም ተቸግሯል ማለት ነው፣ ለእሱ ሰለም ሳይሆን ቀርድ ሐሰን፣ ማለትም ያለ ምንም ጭማሪ የሚመለስ ብድር ነው የሚሻለው።

አጻጻፉ ላይ ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ 282ኛው አንቀጽ ብዙ ዝርዝር አስቀምጧል፤ ጸሐፊው በፍትሕ ይጻፍ፣ ሁለት ምስክር ይኑር ይላል። ከዚያ ውስጥ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ ቃሉን የሚያስጽፈው ዕዳው ያለበት ሰው ነው። ስለዚህ እኔ አላስጽፍም። ገበሬው በራሱ አፍ ይናገራል፣ የቀበሌው ጸሐፊ ወይም ተማሪ ልጁ ይጽፋል። በራሱ ቃል ያስጻፈውን ሰው «አልገባኝም ነበር» አይልም። እንዲህ ይመስላል፣ ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፦

«እኔና ባለቤቴ ዛሬ መስከረም 20 ቀን 60,000 ብር ሙሉውን ቆጥረን ከነጋዴው ተቀብለናል። ለዚህ ብር 10 ኩንታል የደምቢያ ነጭ ሽምብራ፣ የተበጠረ፣ የደረቀ፣ ያልነቀዘ፣ ኩንታሉ ጆንያው ሳይቆጠር 100 ኪሎ፣ የካቲት 20 ቀን ቆላድባ ገበያ ላይ መዝነን እናስረክባለን። የመኪናው ሂሳብ የነጋዴው ነው። እህሉ ባይገኝ ነጋዴው ወይ ይጠብቀናል፣ ወይ የሰጠንን 60,000 ብር ብቻ መልሰንለት ይወስዳል፤ ጭማሪ የለም።»

«እኔና ባለቤቴ» የሚለውን አትለፉት። በክልላችን የመሬት ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ አለ፤ ውሉንም ሁለቱ ይፈርሙ። ሚስት ያላወቀችው ውል ጥር ላይ ደጃፍ ላይ ይቀራል። ዋስ ወይም መያዣ መጠየቅም ይቻላል፤ በእኔ ልምድ ግን አምስት ጎረቤታሞች አንዱ ላንዱ ዋስ ሲሆኑ ከማንኛውም መያዣ ይሻላል።

ሁለት ጥንቃቄ ለነጋዴው። እህሉን ሳትረከብ አትሽጠው። ለዱቄት ፋብሪካ ቃል መግባት ከፈለግህ ከገበሬው ውል ጋር የማይያያዝ የራሱ ሰለም አድርግ፤ ገበሬው ሳያስረክብህ ቢቀርም ለፋብሪካው ከገበያ ገዝተህ ታስረክባለህ። ሁለተኛው፣ ሽምብራው በትል ወይም በበረዶ ከጠፋ ከፊትህ ያለው ምርጫ ያው ውሉ ላይ የተጻፈው ነው፤ መጠበቅ ወይም የሰጠኸውን ብር መቀበል። «ዘገየህና ኩንታል ጨምር» የሚባል ነገር የለም። ቁርኣኑ የተቸገረን ባለዕዳ እስኪያገኝ ማቆየትን ያዝዛል፣ መማርንም ያበልጣል። ሙስሊም ከሀብቱ በግዴታ ከሚያወጣው የዘካ ስምንት ተቀባዮች አንዱም ዕዳ የከበደው ሰው ነው፤ ሙስሊም ገበሬ ከሆነ ጀመዓው፣ የሰፈሩ ሙስሊም ሁሉ፣ ይህን ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

ባንክ ስትሄዱ

ለአንድ ኩንታል ሽምብራ እኔ እበቃለሁ፤ ለውሃ ፓምፕ ግን ባንክ ይሻላል። ብሔራዊ ባንክ ያለ ወለድ የባንክ አገልግሎትን የሚመራ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ያኔ የተፈቀደው በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በተለየ መስኮት ነበር። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ማቋቋም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን፣ ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች በ2013 ዓ.ም ሥራ ጀመሩ። ንግድ ባንክም ሲቢኢ ኑር የሚባል አገልግሎት አለው። ገበሬው ለዘመናት የሚያውቀው አብቁተም (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል።

እዚያ የሚያቀርቡላችሁ በብዛት ሙራበሃ ነው። መገጭ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ፓምፕ ፈለገ እንበል። ባንኩ ፓምፑን ከሱቁ በ50,000 ብር ይገዛል፣ የገዛበትንና ትርፉን ገልጾ በ56,000 ብር ለገበሬው በዱቤ ይሸጣል። ሽንኩርቱ ዘግይቶ ክፍያው ቢቆይም 56,000 አይጨምርም። የመቀጫ አንቀጽ ካለም ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ነው የሚሄደው፣ ባንኩ አይበላውም።

ትክክል መሆኑን የምታውቁት በቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ እናንተ እገዛለሁ ብላችሁ ቃል ትሰጣላችሁ። ከዚያ ባንኩ ይገዛል፤ ደረሰኙ በባንኩ ስም ይቆረጣል። ፓምፑ በባንኩ ወይም በወኪሉ እጅ ይገባል። የሽያጩን ውል የምትፈርሙት ከዚያ በኋላ ነው። በመሃል ፓምፑ ከመኪና ወድቆ ቢሰበር የባንኩ ኪሳራ ነው። ባለሙያው 50,000 ብሩን አካውንታችሁ ውስጥ አስገብቶ «ሂድና የፈለግኸውን ግዛ፣ 56,000 ትመልሳለህ» ካላችሁ ሙራበሃ አልሆነም፤ ወለድ ነው፣ ተነሥታችሁ ውጡ። አንዳንድ ጊዜ ባንኩ እናንተኑ ወኪል አድርጎ ያስገዛችኋል፤ ይቻላል፣ ግን የውክልናው ወረቀትና የሽያጩ ወረቀት ሁለት ይሁኑ፣ በሁለቱ መካከልም ፓምፑ በእርግጥ ይገዛ። ጥርጣሬ ከገባችሁ የባንኩ የሸሪዓ አማካሪ ኮሚቴ ውሉን አጽድቆት እንደሆነ ጠይቁ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

በሬም በዚሁ መንገድ ይገዛል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የባንክ ሠራተኛ ደረሰኝ የሌለውና የሚዋጋ ንብረት መረከብ አይወድም። ማዳበሪያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ የሚከፋፈለው ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማህበራት ወርዶ ስለሆነ ባንኩ ከማህበሩ መግዛት አለበት። ብቻችሁን ከመሄድ የማህበራችሁን ሊቀመንበር ይዛችሁ፣ የአባላቱን የዩሪያና የኤንፒኤስ ፍላጎት በአንድ ዝርዝር አድርጋችሁ፣ ሚያዝያ ላይ ብትሄዱ ይሻላል። ሰኔ ላይ የሄደ ሰው የዘር ወቅቱ ያልፈዋል።

ስትሄዱ የመሬት ደብተራችሁንና የፋይዳ መታወቂያችሁን ያዙ። ቤት የለኝም ብላችሁ አትቅሩ፤ በ2011 ዓ.ም የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትንም፣ ሰብልንም፣ ራሱን ፓምፑንም በመያዣነት ለማስመዝገብ መንገድ ከፍቷል። የቅርንጫፉ ሰው ካላወቀው ቁጥሩን ንገሩት።

ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ላላችሁ አንድ ነገር፦ ገብሳችሁ ለጎንደር ብቅል ፋብሪካ የሚሄድ ከሆነ በዚህ መንገድ ገንዘብ አትፈልጉበት። ብቅሉ ለቢራ ነውና ከወለድ ነፃ አገልግሎት ለዚያ ዓላማ አይሆንም። ለበሶና ለእንጀራ የሚሸጥ ገብስ ችግር የለበትም።

ገንዘብ ያለው ሰው ከገበሬ ጋር በእኩል ማረስ ከፈለገም በር አለ፤ ድርሻው በክፍልፋይ ይሁን፣ እኩል ወይም ሲሶ። «ምንም ቢሆን አምስት ኩንታል ለእኔ» ካልክ ግን ፈርሷል፤ ማሳው አምስት ብቻ ቢሰጥ ያረሰው ሰው ባዶውን ሊገባ ነውና።

የመረከቢያው ቀን

በቀኑ ባስኩላ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሚዛኑን ገበሬው አስቀድሞ በሚያውቀው ዕቃ ይፈትነው። ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከመሃሉም ዝገኑ። ከተዋዋላችሁበት የተሻለ እህል ካመጣ ተቀበሉና ደስታችሁን ስጡት፤ ዋጋ ጨምር ማለት ግን አይችልም። የባሰ ካመጣ ወዳችሁ ልትቀበሉ ትችላላችሁ፣ አትገደዱም። ገበያው ከውላችሁ በላይ ወጥቶ ገበሬው ፊቱ ከጠቆረ፣ እኔ አንዳንዴ ለልጆቹ ብዬ ጥቂት ብር እጨምርለታለሁ። ይህ አስቀድሞ ያልተነገረ ስጦታ መሆን አለበት፤ ውል ላይ ከገባ ዋጋውን ያበላሸዋል።

ሙስሊም ገበሬ ከሆነ የአዝመራው ዘካ ያለበት እሱ ነው፤ ገዢው አይደለም። ከ650 ኪሎ ግድም በላይ ካመረተ፣ በዝናብ የበቀለው ከአሥር አንድ፣ በፓምፕ የለማው ከሃያ አንድ ነው። አስቀድሞ የሸጠው የእኔ ድርሻ ከክምሩ ሲወጣ ዘካው ተረስቶ እንዳይቀር አውድማው ላይ አስታውሰዋለሁ።

ሲያልቅ በእኔም በእሱም ቅጂ ጀርባ ላይ «ሙሉውን ተረክቤያለሁ» ብዬ ቀን ጽፌ እፈርማለሁ። በከፊል ካስረከበም የቀረው ኩንታል ስንት እንደሆነና እስከ መቼ እንደጠበቅሁት እዚያው ላይ ይጻፋል፤ ምስክሮቹም ድጋሚ ይፈርማሉ።